የልብስ ማድረቂያ ማሽን ቱቦን በግድግዳ ውስጥ ማሳለፍ፦ ግድግዳው ከመዘጋቱ በፊት

ጥያቄ፦ «የልብስ ማጠቢያ ክፍላችን ቤቱ መሀል ላይ ስለሆነ ከውጭ ግድግዳ ጋር አይገናኝም። ማድረቂያው የሚቆምበት ግድግዳ በእንጨት ቋሚዎችና በጅብሰም ቦርድ የሚሠራ ነው፤ ውስጡ 9 ሴንቲ ሜትር ክፍት ነው፤ ሸክም አይሸከምም። ቱቦውን በግድግዳው ውስጥ 2.5 ሜትር ወደ ላይ፣ ከዚያ በኮርኒሱ ውስጥ 5.5 ሜትር አግድም ወስደን በውጭው ግድግዳ ልናስወጣ አስበናል። ሠራተኛው እንደ አኮርዲዮን የሚለጠጠውን የፎይል ቱቦ ከማሽኑ እስከ ውጭ አንድ ወጥ አድርጎ ሊከተው ይፈልጋል፤ ካልሆነም ኮርኒስ ውስጥ ለቀን እንተወው ይላል። ወፍና አይጥ እንዳይገባ ጫፉ ላይ ወንፊት ማድረግስ ይቻላል?»

ምላሽ፦ ሠራተኛው ካቀረባቸው ሁለት ሐሳቦች አንዱንም አይቀበሉ። ወንፊቱንም ይተዉት። የመረጡት መንገድ ግን ይሆናል፤ ግድግዳውን ካወፈሩት፣ ቱቦውን በሙሉ ውስጡ ለስላሳ የሆነ ላሜራ ካደረጉትና ኤልቦ (የቱቦ መታጠፊያ) ካልበዛበት።

ከማሽኑ የሚወጣው ሙቅ አየር ብቻ አይደለም። ከማጠቢያው ተጨምቆ የወጣ አንድ ሙሌት ልብስ ገና ሁለትና ሦስት ሊትር ውኃ ይዟል፤ ያ ሁሉ ውኃ እንፋሎት ሆኖ በዚያ ቱቦ ያልፋል። ማጣሪያው ያላስቀረው ጥጥ መሰል ብናኝም አብሮት ይጓዛል። ኮርኒስ ውስጥ ከለቀቁት እንጨቱ ይሻግታል፣ ጅብሰሙ ይረጥባል፣ ብናኙ በመብራት ሽቦዎቹ ላይ ይነጠፋል። ብናኙ ደግሞ አንዲት ብልጭታ የምትበቃው ማገዶ ነው። ማሽኑ በጋዝ የሚሠራ ከሆነማ የቃጠሎውን ጭስ፣ ካርቦን ሞኖክሳይዱን ጭምር፣ ከሰው ራስ በላይ ማከማቸት ነው። ስለዚህ ቱቦው የግድ ከቤት ውጭ ማለቅ አለበት። ኮርኒስ፣ ከወለል በታች ያለ ክፍት ቦታ፣ ጭስ ማውጫ፣ የመታጠቢያ ቤት ወይም የማዕድ ቤት አየር መሳቢያ ቱቦ፣ አንዳቸውም መጨረሻው ሊሆኑ አይችሉም።

የፎይል ቱቦው ችግር ውስጡ ነው። እያንዳንዱ ሽብሽብ ብናኝ ይይዛል፣ የተያዘው ብናኝ ሌላውን ይይዛል። አግድም ሲሄድ በድጋፎቹ መካከል ይረግብና ውኃ የሚያቁር ሆድ ይሠራል፤ እርጥብ ብናኝ እዚያ ሲደርቅ እንደ ካርቶን ይጠነክራል። የጅብሰም ብሎን ይበሳዋል፣ አይጥ ይቦረቡረዋል፣ በብሩሽ ልጥረገው ቢሉ ብሩሹ ራሱ ይቀደዋል። ግድግዳው ከተዘጋ በኋላ ይህ ሁሉ ሲሆን የሚያይ የለም። በግንባታ ደንቦችም የሚለጠጥ ቱቦ ከማሽኑ ጀርባ፣ በዓይን በሚታይ ቦታ ብቻ እንጂ በግድግዳ፣ በወለል ወይም በኮርኒስ ውስጥ እንዲያልፍ አይፈቀድም። ነጩ የፕላስቲክ ቱቦ ደግሞ ከማሽኑ ጀርባ እንኳ ቦታ የለውም።

የሚቀበረው ቱቦ ጋልቫናይዝድ ላሜራ ወይም ጠንካራ አሉሚኒየም ይሁን፤ ውፍረቱ ቢያንስ 0.4 ሚሊ ሜትር፣ ስፋቱ 10 ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም 4 ኢንች። ሰፋ ያለ ቱቦ ይሻላል ብለው 12.5 ወይም 15 ሴንቲ ሜትር የሚያስገቡ አሉ፤ ስሕተት ነው። የቤት ማድረቂያ በሰከንድ ከ70 እስከ 95 ሊትር አየር ይገፋል፤ በ10 ሴንቲ ሜትር ቱቦ ውስጥ ይህ በሰከንድ 10 ሜትር ገደማ ፍጥነት ይሰጣል፣ ብናኙንም አንጠልጥሎ ያወጣዋል። በ15 ሴንቲ ሜትር ቱቦ ፍጥነቱ ከግማሽ በታች ይወርድና ብናኙ መንገድ ላይ ይቀራል። ጠባብ ቱቦ ደግሞ ማሽኑን ያንቀዋል።

አሁን ርዝመቱን እንቁጠር፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። አይአርሲ በሚባለው የአሜሪካ የመኖሪያ ቤቶች ግንባታ ደንብ መሠረት፣ ከማሽኑ ጀርባ ያለው አጭር ማገናኛ ሳይቆጠር፣ ቱቦው እስከ 10.7 ሜትር ድረስ ይፈቀዳል። እያንዳንዱ ተራ የ90 ዲግሪ ኤልቦ እንደ 1.5 ሜትር፣ የ45 ዲግሪው እንደ 76 ሴንቲ ሜትር ተደርጎ ይታሰባል። የእርስዎ ቀጥታ ርዝመት 2.5 እና 5.5፣ በድምሩ 8 ሜትር ነው። ሠራተኛ እንደለመደው ከሠራው ታች ከግድግዳው ወደ ላይ የሚያዞር አንድ ኤልቦ፣ ላይ ወደ አግድም የሚያዞር ሌላ ኤልቦ ይኖራል፤ 3 ሜትር ይጨምሩና 11 ሜትር። በ30 ሴንቲ ሜትር አለፈ።

ከዚህ መውጫው ሁለት ነው። አንደኛው፣ ታች ያለውን ኤልቦ ማስቀረት፦ ከማሽኑ ጀርባ በግድግዳው ውስጥ የሚቀመጥ የላሜራ ሣጥን አለ፤ ቱቦው ከላይ ቀጥ ብሎ ይወርድበታል፣ መታጠፊያውን ማገናኛው ሣጥኑ ውስጥ ይሠራዋል። ያኔ 9.5 ሜትር ይሆናል። ሁለተኛው፣ ሰፋ ብሎ የሚዞር፣ ውስጡ ለስላሳ የሆነ ኤልቦ መግዛት ነው፤ የመዞሪያው ራዲየስ 15 ሴንቲ ሜትር የሆነው እንደ 53 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይቆጠራል። ሣጥኑንም ሰፊውንም ኤልቦ ቢጠቀሙ 8.5 ሜትር ገደማ ይገባሉ። እኔ የምመርጠው ሁለቱንም ነው፤ ግንበኛ ሥራ ላይ አንድ ምሰሶ ወይም የውኃ ቧንቧ ሲያጋጥመው የሚጨምራት አንድ ያልታሰበች መታጠፊያ አትጠፋምና ሁለት ሜትር መጠባበቂያ ይኑርዎት። የማሽኑን መመሪያም ከመጀመርዎ በፊት ያንብቡ፤ አምራቹ ለዚያ ሞዴል ከ10.7 ሜትር ያነሰ ከጻፈ የሚሠራው የእሱ ነው።

የሚቀጥለው ግድግዳው ነው። 10 ሴንቲ ሜትር ቱቦ በ9 ሴንቲ ሜትር ክፍተት አይገባም። የተለመደው «መፍትሔ» ቱቦውን በእግር ወይም በመዶሻ ጠፍጠፍ አድርጎ መክተት ነው፤ አየር የሚያልፍበት ስፋት ይቀንሳል፣ ስፌቱ ይከፈታል፣ ቅርጹ ሳይስተካከል እዚያው ተቀብሮ ይቀራል። ከፋብሪካ ሞላላ ሆኖ የተሠራና ለማድረቂያ የተፈቀደ ቱቦ ካገኙ በ9 ሴንቲ ሜትር ግድግዳ ይሄዳል፤ በሁለቱም ጫፍ ወደ ክብ የሚለውጡ መቀየሪያዎች ግን ያስፈልጉታል፣ ለብሩሽም አይመችም። ቀላሉ የቋሚዎቹን ፊት 5 ሴንቲ ሜትር ጣውላ ጨምሮ ግድግዳውን ወደ 14 ማሳደግ ነው። ከላይ ያለው አግዳሚ እንጨት ላይ የሚቀደደው ቀዳዳ 11 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሚሆን ከእንጨቱ የሚተርፈው ጥቂት ነው፤ ግድግዳው ሸክም ስለሌለበት ይቻላል፣ ግን የተቆረጠውን አግዳሚ በብረት ማሰሪያ መልሰው ያያይዙት። ሸክም ያለበት ግድግዳ ቢሆን ኖሮ መሐንዲስ ሳያይ መጋዝ ማንሳት ክልክል ነው እልዎት ነበር።

በብሎኬት ግድግዳ ተመሳሳይ ጥያቄ ላለባቸው፦ ለሽቦ እንደሚደረገው ግድግዳውን መፈልፈል አይታሰብ። 10 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ቦይ የ15 ወይም የ20 ብሎኬትን ግማሽና ከዚያ በላይ ይበላል። ከግድግዳው ፊት በብረት ፕሮፋይልና በጅብሰም ቦርድ ጥግ ላይ ሣጥን ሠርተው ቱቦውን እዚያ ውስጥ ያቁሙት። ሶሌታ (የኮንክሪት ወለል) የሚበሳ ከሆነ የብረቱን አቀማመጥ የሚያውቅ ሰው ቦታውን ምልክት ሳያደርግ አይጀመር።

ወደ እርስዎ ግድግዳ ስንመለስ፣ በ14 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ውስጥ ቱቦው ከሁለቱም ፊት ሊርቅ አይችልም። መሀል ላይ ቢቆም በየጎኑ 2 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይተርፋል። ከቱቦው እስከ እንጨቱ ፊት ያለው ርቀት ከ32 ሚሊ ሜትር ባነሰበት፣ ምስማር ወይም ብሎን ሊደርስ በሚችልበት ቦታ ሁሉ 1.6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የብረት ሳህን ይምቱ፤ በተለይ ቱቦው በሚያልፍበት አግዳሚ ላይ፣ አግዳሚውን በ5 ሴንቲ ሜትር አልፎ እንዲሸፍን። ከዓመት በኋላ መደርደሪያ ልስቀል ብሎ ድሪል የሚያነሳውን ሰው የሚያስቆመው ይህ ሳህን ነው።

የሚገዛው እንግዲህ ይህ ነው፦ 1.5 ሜትር ርዝመት ባለው ቁራጭ የሚሸጥ ከሆነ 6 ቱቦ፣ አንድ ሰፊ የ90 ዲግሪ ኤልቦ፣ አንድ የግድግዳ ሣጥን፣ አንድ የውጭ አፍ፣ ሁለት ፋሸታ (ቱቦ ማጥበቂያ ቀለበት)፣ አጭር የአሉሚኒየም ማገናኛ፣ ለአግድሙ አምስት ወይም ስድስት የላሜራ ማንጠልጠያ፣ እንዲሁም ሙቀት የሚችል የአሉሚኒየም ቴፕ ሁለት ጥቅል። መጋጠሚያው በሁለት ዙር ሲጠቀለል 70 ሴንቲ ሜትር ያህል ይበላል፣ የቁመት ስፌቱም ስለሚለጠፍ አንድ ጥቅል ላይበቃ ይችላል። ግራጫውን የጨርቅ ቴፕ አይግዙ። ስሙ የቱቦ ቴፕ ቢሆንም ሙጫው በሙቀት ይደርቅና ይላቀቃል።

የላሜራ ቱቦ አንድ ጫፉ ሽብሽብ ነው፤ ወንዴው እሱ ነው። ወንዴው ጫፍ ሁልጊዜ አየሩ ወደሚሄድበት፣ ማለትም ወደ ውጭ ያመልክት። ተገልብጦ ከተገጠመ የቱቦው ከንፈር ከአየሩ ፊት ይቆምና ብናኝ ይለቅማል። በእርግጥ ወደ ላይ በሚወጣው ክፍል ይህ አቅጣጫ ለውኃ አይመችም፤ ከላይ የሚወርድ ጠብታ በመጋጠሚያው በኩል ሊወጣ ይችላል። ቢሆንም ብናኙ ከጠብታው የባሰ ስለሆነ አቅጣጫው አይለወጥ፤ ጠብታውን ቴፑ ይያዘው። ቱቦ ማሳጠር ካስፈለገ ስፌቱ ሳይቆለፍ፣ ገና ዝርግ እያለ፣ በላሜራ መቀስ ከሴቴው ጫፍ ይቁረጡ፤ ከወንዴው ከቆረጡ ሽብሽቡ ይጠፋና ከሌላው ጋር አይገጥምም።

መጋጠሚያዎቹን ቢያንስ 4 ሴንቲ ሜትር ያደራርቡ፣ ቅባትና አቧራውን በጨርቅ ይጥረጉ፣ ከዚያ ቴፑን በደንብ እየጫኑ ይጠቅልሉ። ሠራተኞች በየመጋጠሚያው ሦስት ብሎን መምታት ይወዳሉ። ወደ ውስጥ የወጣ የብሎን ጫፍ የመጀመሪያዋን ቃጫ ይይዛል፤ መደፈን የሚጀምረው እዚያ ነው። ደንቡ ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ እንዳይገባ ይላል፤ ከብሎን ይልቅ በአጭር ሪቬት ያያይዙ። ቀጥ ብሎ የቆመውና በሁለት ጫፍ የተያዘው ክፍል ያለ ሪቬትም በቴፕ ብቻ ይጸናል።

አግድሙ በየ3.6 ሜትሩ መደገፍ እንዳለበት ደንቡ ይናገራል፤ እኔ በየሜትሩ ማንጠልጠያ ቢደረግ እመርጣለሁ፣ ዋጋው ኢምንት ነው። ውኃ ልክ ይዘው ወደ ውጭ በሜትር 1 ሴንቲ ሜትር ያዘቅዝቁት፤ በእርስዎ 5.5 ሜትር ላይ ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። የቁመት ስፌቱን ወደ ላይ ያዙሩ፣ የጤዛ ውኃ ታች ስለሚተኛ። ኮርኒሱ ከላዩ ሌላ ፎቅ ካለው ይህ ይበቃል። ከላዩ ጣሪያ ብቻ ከሆነና ሌሊት የሚቀዘቅዝ ከሆነ ቱቦውን በ5 ሴንቲ ሜትር የፋይበር ግላስ ጥቅል ያልብሱት፤ እርጥብ ሙቅ አየር ቀዝቃዛ ላሜራ ሲነካ ውኃ ይሆናል፣ ብናኙም በዚያ ውኃ ላይ እንደ ሊጥ ይለጠፋል።

የውጭው አፍ ላይ ወንፊት ክልክል ነው። ወንፊት ብናኝ ስለሚያጠራቅም በጥቂት ሳምንታት ይደፈናል፤ ያኔ ማሽኑ ይሞቃል፣ ልብሱ አይደርቅም። ወፍና አይጥን የሚከለክለው ማሽኑ ሲቆም በራሱ ክብደት የሚዘጋ ክዳን ነው። አንድ ትልቅ ክዳን ያለውን ይምረጡ፤ ሦስት አራት ትንንሽ ቅጠል ያለው ከታች ያለችው ቅጠል በብናኝ ተይዛ ክፍት ትቀራለች፣ ወፍም የሚገባው በእሷ ነው። ክዳኑ ሲከፈት የሚተወው ክፍተት ከ80 ካሬ ሴንቲ ሜትር አይነስ። ከመስኮት፣ ከበርና ከማንኛውም አየር ማስገቢያ ቢያንስ 90 ሴንቲ ሜትር ይራቅ። የአየር ማቀዝቀዣ የውጭ ክፍል ካለም ከፊቱ አያውጡት፤ ብናኙ ክንፎቹን ይሸፍናቸዋል። ቱቦው ግድግዳውን በሚያልፍበት ዙሪያ ያለውን ክፍተት በሲሊኮን ይድፈኑ።

ሣጥኑ የሚገባው ከማሽኑ መውጫ ጋር ፊት ለፊት ነው፤ ማሽኑ ሳይመጣ በግምት አይቁረጡ፣ መውጫው ከወለሉ ስንት ከፍታ ላይ እንደሆነ ከመመሪያው ላይ ይለኩ። ማገናኛው በደንቡ እስከ 2.4 ሜትር ይፈቀድለታል፤ ሣጥን ካለዎት ግን 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይበቃል። ከፊል ጠንካራ የሆነው የአሉሚኒየም ዓይነት ይሁን፣ ሳይጨማደድ እስኪወጠር ተስቦ ይቆረጥ፣ በሁለቱም ጫፍ በፋሸታ ይጠበቅ። ማሽኑን ወደ ኋላ ሲገፉ በባትሪ እያዩ ይግፉ፤ የተጨፈለቀ ማገናኛ ቀሪውን ሥራ ሁሉ ከንቱ ያደርገዋል።

ስለ ክፍሉ አልጠየቁም፤ ግን ሳይነሳ አይታለፍም። ማሽኑ በደቂቃ 5 ሜትር ኩብ ገደማ አየር ወደ ውጭ ሲገፋ ያን ያህል አየር ከየትም መግባት አለበት። 2 በ2 የሆነች፣ በሯ የተዘጋ ትንሽ ክፍል ውስጥ ያለው አየር በሁለት ደቂቃ ያልቃል። በሩ ላይ በድምሩ 645 ካሬ ሴንቲ ሜትር ክፍተት ያለው ፍርግርግ ይግጠሙ። አቅራቢያው በጋዝ የሚሠራ ውኃ ማሞቂያ ካለ ጉዳዩ ይበልጥ ከባድ ነው፦ ማድረቂያው አየር ሲያጣ የማሞቂያውን ጭስ በጭስ ማውጫው በኩል ወደ ቤት ሊስብ ይችላል።

ጅብሰሙ ከመመታቱ በፊት ማሽኑን አገናኝተው ያለ ሙቀት ያስነሱት። ውጭ ወጥተው ክዳኑ ሙሉ በሙሉ መነሣቱን ይዩ። ስስ ሶፍት ይዘው በእያንዳንዱ መጋጠሚያ ዙሪያ ያዙሩ፤ ሶፍቷ ከተንቀሳቀሰች ቴፑ እዚያ አልያዘም። የግፊት መለኪያ ያለው ባለሙያ ካገኙ ከማሽኑ መውጫ አጠገብ ይለካላችሁ፤ በብዙ ማሽኖች 150 ፓስካል አካባቢ ጣሪያው ነው። ከዚያ ሜትር ዘርግተው ፎቶ ያንሱ፤ ቱቦው ከጥግ በስንት ሴንቲ ሜትር እንደቆመ በፎቶው ይታይ። ርዝመቱንና የኤልቦውን ቁጥር በወረቀት ጽፈው ሣጥኑ አጠገብ ይለጥፉ። ማሽን የሚቀይር ሰው ያስፈልገዋል።

ሥራው ላይ መንገዱ ተለውጦ ከልኩ ካለፈ የመታጠቢያ ቤት አየር መሳቢያ በመሀል መክተት መድኃኒት አይደለም፤ ሞተሩ በብናኝ ይጠቀለላል። ለማድረቂያ ተብሎ የተሠራ፣ ማሽኑ ሲነሣ ራሱ የሚነሣ አጋዥ መሳቢያ አለ፤ እሱም የሚከፈት በር ባለበት ቦታ እንጂ በተዘጋ ግድግዳ ውስጥ አይቀመጥም። ያም ካልተመቸ ውኃውን በዕቃ የሚያጠራቅም ወይም ወደ ፍሳሽ የሚልክ ኮንደንሰር ወይም ሂት ፓምፕ ማድረቂያ ይግዙ። ቱቦ አይፈልግም፤ ቀስ ብሎ ያደርቃል እንጂ።

ጽዳቱ በዓመት አንዴ ነው፤ ቤተሰቡ ብዙ ከሆነ በስድስት ወር። ብናኙ የሚከማቸው በቆመው ክፍል ግርጌ ነው፤ ማሽኑ ሲቆም ከላይ ያለው ወደ ታች ይረግፋልና። ማሽኑን ከመብራት ነቅለው፣ ማገናኛውን ፈትተው፣ በዘንግ የሚቀጣጠል ብሩሽ ከሣጥኑ ወደ ላይ ይግፉ። ዘንጉን ሲያስገቡም ሲያወጡም ወደ ቀኝ ብቻ ያሽከርክሩ። ወደ ግራ ከዞረ ጥርሱ ይፈታና ብሩሹ ኮርኒስ ውስጥ ይቀራል፤ ያኔ የተዘጋው ጅብሰም መከፈቱ ነው። ከዓመቱ በፊት አንድ ዙር ይበቃው የነበረ ልብስ ሁለት ዙር ከፈለገ፣ የማሽኑ አናት ከወትሮው ይልቅ ከሞቀ ወይም ውጭ ያለው ክዳን በግማሽ ብቻ ከተነሣ ቀኑን አይጠብቁ።